ብርዝ በጡጦ

ውድ ልጄ ሶስና፤

የምሕረት አምላክ አንቺንም በማኅፀንሽ ያለውንም ይጠብቅልን። ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትነሺ ስላዘዘሽ በስልክ ላስደነግጥሽ አልወደድሁም። ነገር ግን መርሳ ላይ ባቆምሽው የሕፃናት ማቆያ የሆነውን ከሌላ አፍ ከምትሰሚው ከአባትሽ እጅ ብታነቢው ይሻላል።

ላንቺ የታሰበው የሕፃናት መጠጥ ሥልጠና በስልክ ሲጀመር ረዳትሽ ትዕግስት ልጆቹን ታጥብ ነበር። «መሪጌታ፣ እስክመለስ አንቱ ያዳምጡልኝ፤ መቼም ትምህርት ለአንቱ አዲስ አይደለም» ብላ ስልኩን በአትሮንሴ ላይ አቆመችልኝ። አስተማሪዋ በዕድሜ የልጅ ልጄ ትሆናለች። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ስለ ለስላሳ፣ ስኳር ስለበዛበት ሻይ ስትናገር ራሴን እየነቀነቅሁ ሰማሁ። ቀጥላም «ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በጣት እንኳ አይቀመስም፤ በውኃ ቢበረዝም አደጋው አይጠፋም» አለች። የሕፃኑ ሆድ ይደርቃል፣ ልቅሶው ይደክማል፣ የዐይኑ ቆብ ይወድቃል፣ ጡት መሳብም ያቅተዋል፤ ይህም ቀናት ቆይቶ ሊመጣ ይችላል አለች።

ያን ጊዜ በእጄ የረውዳን ጡጦ ይዤ ነበር።

አንቺ ወደ ወልድያ ከሄድሽ ወዲህ ዓቢዳ ወደ ግራና ገበያ በወረደች ቁጥር የስምንት ወር ልጇን ረውዳን ከብርዝ ጋር ትተውልን ነበር። እኔም «መልካም አደረግሽ» ብዬ መርቄ በገዛ እጄ አጠጣት ነበር። የዕለቱም ብርዝ ተጋምሷል። የቀረውን ደጅ ወጥቼ ደፋሁት።

ዓቢዳ ስትመለስ ደጃፉ ላይ ጠበቅኋት። «ብርዙን ተዪው» አልኋት።

«ወይ አባ ሞላ! ማር በቁርኣን ሺፋ፣ ፈውስ አይደለም እንዴ? ወይስ ለጾምዎ አሰቡት?» ብላ ሳቀች።

«በእኔም መጽሐፍ ማር የተመሰገነ ነው። ግን ፊደል ያልቆጠረ ልጅ ቅኔ ቤት አይገባም፤ የረውዳ ሆድ ገና ሀ ሁ ላይ ነው» ብዬ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኋት።

ሳቋ ጠፋ። «ታዲያ እስከ ዛሬ የጠጣችውስ?»

ልጄ ሆይ፣ ስንት ጉባኤ ተቀምጬ ስንት ጥያቄ ፈትቻለሁ፤ የዚህን መልስ ግን ከነርስ መለመን ነበረብኝ። ሕፃኗን ይዘን ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ መርምራ «አሁን ምልክት የለባትም። አብዛኞቹ ምንም አይሆኑም፤ ቢሆንም ዐይናችሁን አትንቀሉባት። ድምፅዋ ከደከመ ሌት ቀን ሳትሉ አምጧት» አለችን። በመንገድ ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ዓቢዳ ቀደመችኝ፤ «እኔ በረዝሁት፣ አንቱ አጠጡት። እንግዲህ አብረን እንጠብቃት» አለችኝ።

እነሆ እየጠበቅን ነው። አሁን በጡጦዋ የእናቷ ጡት ወተት ብቻ አለ፤ ውኃም ከምግቧ ጋር ጥቂት በጽዋ ትቀምሳለች። እኔ ግን ፍርሃቴ አልለቀቀኝም። ስትጠባ ጉንጯን አያለሁ፤ ስትነቃ ዐይኗን አያለሁ።

ታስታውሺ እንደሆነ፣ ውዳሴ ማርያም ስደግም ይህች ልጅ ካለቀሰች «እባካችሁ ዝም አሰኟት» እል ነበር። ዛሬ ጠዋት ዝም ስትል መጽሐፌን አጥፌ ወደ አልጋዋ ሄድሁ። ጎንበስ ብዬ ትንፋሽዋን ሳዳምጥ ጢሜ ፊቷን ነካትና ቤቱ እስኪናወጥ ጮኸች። ትዕግስት ልታነሣት ሮጠች።

«ተያት» አልኋት፤ «ጥቂት ልስማት»።

ስለ ረውዳ ጸልዪ። አንቺም የምትወልጂውን ይዘሽ ስትመጪ፣ ከእናቱ ጡት በቀር አንዳች ነገር እንዳይቀርብለት በር ላይ የምቆመው እኔ ነኝ።

ልቅሶ ናፋቂው አባትሽ፣
መሪጌታ ሞላ