ቁጥር ስልሳ አራት

የካቲት 1 ቀን 1993
ለስታቲስቲክስ ጥናቱ የቀበሌው ቤቶች ተመዝግበው አለቁ፤ መቶ ሰማንያ።
ከዕጣ ቁጥሮች ሰንጠረዡ መነሻው ቁጥር አራት ወጣ። ከአራት ጀምሮ በየስድስቱ... አሥር፣ አሥራ ስድስት፣ ሃያ ሁለት። ሠላሳ ቤት። ሀብታም ይሁን ድሃ፣ ውሻው ይናከስም አይናከስም፣ ቁጥሩ የደረሰው ይጠየቃል።

የካቲት 2
ከቀበሌው ታጣቂ ከአለምነው ጋር ለተመረጡት ስንነግር ዋልን። 64 የወይዘሮ ኡምኩልሱም ቤት ነው። ሃምሳን ያለፉ ይመስላሉ። ብቻቸውን ናቸው፤ ልጃቸው ጅዳ ሄዳለች።
"ዕጣ ወጥቶብዎታል" አልኳቸው። "ከሦስት ቀን በኋላ መጥቼ ስለ ቤተሰብዎና ስለ መሬትዎ እጠይቅዎታለሁ።"
"በኔ?"
"በእርስዎ።"
"አላህ ያውቃል" ብለው ገቡ። ግቡ እንኳ አላሉንም። ቅር አለኝ... ትንሽ።

የካቲት 5
64 ዝግ። ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል።
ጎረቤታቸው ሙሐሲን 65 ነው። "የእኛን አይጽፉም? ስምንት ነፍስ ነን፤ ወረቀትዎ ይጠግባል።"
ሚስቱ ሀዲያ ከውስጥ፦ "ዘጠኝ በል። እናትህን ለማን ሰጠሃቸው?"
ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቁጥሩ አልደረሳችሁም ብዬ አለፍኩ።
ቀኑን ሙሉ "አብሮዎት ማን ማን ይኖራል?" ስል ዋልኩ። እኔን ቢጠይቁኝስ? መካነ ሰላም፣ የኪራይ ክፍል፣ አንድ ሰው። ያውም ሁልጊዜ መስክ ነኝ። ማንም ጠያቂ ቤቴ አያገኘኝም።

የካቲት 6
ዝግ።

የካቲት 7
ሦስተኛ ጊዜ ሄድኩ። ዝግ። መመሪያው ከሦስት ጊዜ በኋላ "አልተገኙም" ብለህ ጻፍ ይላል። በሌላ ቤት መተካት ክልክል ነው።
ልመለስ ስል ሀዲያ ተከተለችኝ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ...
"በከንቱ አይድከሙ ጋሼ። አቀስታ፣ እህታቸው ዘንድ ናቸው።"
"ምነው? ታመሙ?"
"ዕጣ ወጣብኝ ብለው ነዋ። መሬቴን ሊወስዱ ነው ብለው። በመሬት ድልድሉ ጊዜ ግማሹ የሄደባቸው በዕጣ ነው። የቀረቻቸውን ሁለት ጥማድ በእህታቸው ልጅ ስም ሊያዞሩ ነው፤ በወንድ ስም ከሆነ አይነኩትም ብለው። ቅዳሜ ሽማግሌ ፊት ይፈርማሉ።"
"ጥያቄ ብቻ ነው እኮ። ማንም መሬታቸውን አይነካም። ንገሪያቸው።"
"ነግሬያቸው ነበር። የመንግሥት ሰው በአፉ ያለውን አንቺ ልታፈርሺው ነው ወይ አሉኝ።"
ወጥቶብዎታል... እንዲያ ነው ያልኩት። ወጥቶልዎታል ብልስ? እርዳታ ይጠብቁ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው ስጠይቅ ኖሬ... "ልጠይቅዎት እፈልጋለሁ" ማለት ምን ነበረበት?

የካቲት 8
ተቆጣጣሪው አበጋዝ መጣ። ልጅ ነው፤ ክፉ አይደለም።
"ጋሼ፣ 65ን ይጻፉና ይገላገሉ። ማን ያያል?"
"64 አይደለማ።"
"አንድ ቤት ምን ይለውጣል?"
ዝግ ባገኘን ቁጥር ክፍቱን ከጻፍን ብቻውን የሚኖር ሰው ከወረቀቱ ይጠፋል። ቤቱ ሁልጊዜ ክፍት የሚሆነው ብዙ ሰው ያለበት ነው። አገሩ ሁሉ እንደ ሙሐሲን ቤት ዘጠኝ ዘጠኝ ሆኖ ይቀመጣል።
"አልተገኙም" ብዬ ጻፍኩ። ትክክል ነው። ግን እውነት ነው? የት እንዳሉ አውቃለሁ። ለምን እንደሄዱም አውቃለሁ።

የካቲት 9
መኪና ላይ ነው የምጽፈው፤ ፊደሉ ይዘልብኛል።
ጠዋት ቅጾቹን ላስረክብ አበጋዝ ዘንድ ሄድኩ። አንድ በአንድ ያገላብጣል። የቁጥር 58 ቅጽ ሦስተኛ ገጽ ላይ የገብሱ ምርት አልተሞላም። እስክሪብቶ ሰጠኝ። ጎንበስ ብዬ ስጽፍ ውጭ የመኪናው ረዳት "አቀስታ፣ አቀስታ" ይላል።
ነገ ቅዳሜ ነው።
እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።
"ወዴት ነው ጋሼ? አላለቀም እኮ።"
"64 ዘንድ።"
"ሦስቱን ጊዜ ሄደዋል አይደል? ተዘግቷል።"
"ልጠይቃቸው አይደለም።"
"ታዲያ?"
"የነገርኳቸውን ላፈርስ ነው።"
"ይህን ገጽ እንኳ ይጨርሱት..."
ወጣሁ።