ለገና ያስቀመጥኩት ቸኮሌት

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

ልጄ ከአዲስ አበባ የላከችልኝን ጥቁር ቸኮሌት፣ ወተት ይኑረው አይኑረው ስላላወቅኩ፣ ጾሙ እስኪፈታ ብዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። ቦቢ ግን አይጾምም። ዛሬ የቡ ከተማ ዳር ያለችንን የቡና ማሳ አይቼ ስመለስ፣ ውሻዬ በተቀዳደደው መጠቅለያ መሃል ተኝቶ ያለከልካል።

ቸኮሌት ለውሻ መርዝ መሆኑን ሰምቻለሁ፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ውሻ መርዝ በላ ከተባለ ወተት ይጋታል። በጾም ግን ቤቴ ወተት የለም። ወደ ጎረቤቴ ወደ እትዬ ሉባባ ሮጥኩ። "ውሻ ያለበት ቤት መላእክት አይገቡም" እያሉ ደጄን የማይረግጡት ሴትዮ፣ "ያ ረቢ!" ብለው በጆግ ወተት ይዘው ተከተሉኝ።

ደግነቱ ሳልግተው፣ ደጋግሜ የደወልኩለት የእንስሳት ሐኪም ስልኩን አነሳ። "ወተት መድኃኒቱ አይደለም፤ አንቺም በግድ አታስመልሺው። መጠቅለያውን ይዘሽ ቶሎ አምጪው፤ ምን ያህል እንደበላ ልየው" አለኝ። በባጃጅ አደረስኩት። መርፌ ወግቶ አስመለሰውና "እስከ ነገ ከዓይንሽ አይጥፋ፤ ከተንቀጠቀጠ መልሰሽ አምጪው" ብሎ ሸኘን።

ስመለስ እትዬ ሉባባ ጆጉን እንደያዙ ደጄ ላይ ቆመዋል። ወተቱን ለድንጋጤዬ እንዳልጠጣው ጾመኛ ነኝ፤ እሳቸው ለራሳቸው ድንጋጤ ጠጡት።

ሊሄዱ ሲሉ ዞር አሉ። "ዛሬ ውጭ እንዳታሳድሪው፣ ይበርደዋል።"

"መላእክቱስ እትዬ?"

ቦቢን አዩት። "ታሞ ነው እኮ። እነሱ አይጨክኑም።"