ቅዳሜ ለለቅሶ የሚመጣው ሰው

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎ ከብርዱ ጋር እንዴት ሆነ? እናቴስ ዓይኗ ተሻላት? እንሰቱ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው? እኔም፣ ባለቤቴ ሰገነትም፣ ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ናፍቆትዎ ብቻ ነው አልለቅ ያለን።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ያልላክሁት ከሰውየው ቀድሞ እንዲደርስዎ ብዬ ነው፤ ሌላውን ምክንያት እርስዎም ያውቁታል። የምታደርስልዎ ጎረቤታችን ከሪማ ናት፤ ነገ ወንድሟን ለመጠየቅ ወደ አገር ቤት ትሳፈራለች። በላዩ ላይ የተጻፈው የእናቴ ስም መሆኑ አይግረምዎ። ለሞተ ሰው ደብዳቤ አይላክም፤ እርስዎን ደግሞ ባለፈው ዓርብ ገድዬዎታለሁ።

ይቅር ይበሉኝ አባባ፣ ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎ። ከጥምቀት በፊት ወርቅአፈራሁ የሚባል፣ ዕድሜው ወደ ስልሳ የሚጠጋ ሰው አንዲት አሮጌ ፊያት ሚሌቼንቶ አስጎትቶ እርስዎ ትተውልኝ የሄዱት ጋራዥ ድረስ መጣ። መኪናዋ ስምንት ዓመት ሸራ ለብሳ የቆመች ናት፤ የበሮቿ ታች በዝገት አልቆ ጣት ያሾልካል፣ ወለሏም ወንፊት ሆኗል። እንደ ድሮዋ ትሁንልኝ አለ እንጂ የማን እንደሆነች አልተናገረም። ያልወደድኩለት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

ሁለተኛው፣ አይሄድም። ጫማውን ወልውሎ፣ ጋዜጣውን አጥፎ ማለዳ ይመጣና የዕቃ ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ እጅ እጄን ያየኛል። መኪና ለሥራ የሰጠ ሰው ወደ አራት ኪሎ ወጥቶ ጉዳዩን ይፈጽማል እንጂ ቀኑን ሙሉ ላሜራ ሲቀጠቀጥ ያዳምጣል? ጋዜጣውንም አንድ ቀን ገልጦ ሲያነብ አላየሁትም። ለሰገነት ብነግራት፣ አንተ ደግሞ ጥላህን አታምንም አለችኝ። ልክ ናት፤ ግን ጥላዬ ስለ እርስዎ ጠይቆኝ አያውቅም።

ዓርብ ዕለት የቀኙን በር ታች እየሠራሁ ነበር። ላሜራ ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል፤ የምንቆርጠው የዘይት በርሜል ነው። እውነቱን ልናገርና፣ የበሰበሰውን ሁሉ ቆርጬ እንደመጣል ከፊሉን በስቱኮ ደፍኜ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼው ነበር። ሰውየው ከሣጥኑ ተነሳ፣ በሩን በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አደረገና ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ልክ እርስዎ እንደሚያደርጉት ነው ያደረገው።

«ይሄ ስቱኮ ነው። አባትህ እንዲህ አይሠሩም ነበር። ያኔ ቀለሙንም ራሳቸው ነበሩ የሚቀቡት? አሁን የት ናቸው?» አለኝ።

ስለ ቀለም መጠየቁን ልብ ይበሉልኝ። በ1969 ማብቂያ ያቺን ነጭ መኪና፣ ያመጧት ልጆች በመንግሥት የሚፈለጉ መሆናቸውን ሳያውቁ፣ ሰማያዊ ቀብተው ሰጡ። በሳምንቱ፣ የቀባው ማን ነው የሚሉ ሰዎች ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጀምረው ጋራዥ ለጋራዥ ሲዞሩ፣ እርስዎ እንደ ማንኛውም ያገራችን ሰው ለመስቀል እገባለሁ ብለው ወጥተው በዚያው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት ቀለም ስለሚቀባው ሰው የጠየቀኝ ይህ ባለ ጋዜጣ የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ አፌ ከእኔ ቀድሞ «ሞተዋል» አለ።

አንዴ ከጀመርኩ መቼ አቆምኩ! ባለፈው ክረምት፣ በሳንባ ምች፣ የተቀበሩትም አገር ቤት ብዬ የቀበሌውን ስም፣ ቤተክርስቲያኑን ሳይቀር ጠራሁለት። ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ፤ ሣጥኑ ላይ ተመልሶ ተቀመጠና እንደ ልጅ አለቀሰ። የማስመሰል ይሆናል ብዬ ዓይን ዓይኑን አየሁት፤ እንባው እውነተኛ ነው። እንባማ ማንም አለው።

ከዚያ እንዲህ ሲል አጫወተኝ። የአንድ ባለሥልጣን ሾፌር ነበር፤ መኪናዋም የጌታው ናት፤ ጌታው ከታሰሩ በኋላ ልጃቸው ስለ ልፋቱ ብላ ሰጠችው። በ1955 ዓ.ም. ከፊት ጎማ በላይ ያለውን የግራውን ፓራፋንጎ ከድልድዩ ግንብ ጋር አላትሞ ወደ እርስዎ ይዟት መጣ። እርስዎም ጌታው ሳያዩ እንዲደርስለት ብለው ምሳ ሳይበሉ ሠርተው ሰጡት፤ ጌታውም አላወቁ፣ እሱም ከእንጀራው አልተፈናቀለም። ለእንዲህ ያለ ሰው ለቅሶ ሳልደርስ ብቀር እግዜርም አይወድልኝ አለና፣ በሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ ወርጄ ባለቤታቸውን አጽናናለሁ ብሎ ቁርጡን ነገረኝ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ እናቴ አሟታል፣ አውቶቡስ አይገኝም፣ ያልቀባጠርኩት የለም። ለለቅሶ የተነሳን ሰው ማን ይመልሳል? ቦታውን የነገርኩትም እኔው ነኝ።

ሲሄድ፣ እስከዚያ ያልነካሁትን የግራውን ፓራፋንጎ ፋቅሁት። ከቀለሙ ሥር ስቱኮ የለም፤ አቅልጠው የሞሉት እርሳስ ነው፣ በሞረድ ተስተካክሎ። እጄን ወደ ውስጥ ሳስገባ በእንጨት መዶሻ ያቀኑት ላሜራ ለዳሰሳ እንኳ አያስታውቅም። የእርስዎ እጅ መሆኑን አወቅሁ። ካየሁዎት አምስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ እንደዚያ ሰዓት ቀርበውኝ አያውቁም። አለቀስኩ፣ አልደብቅዎትም። በበሩ ላይ ባደረግሁት ስቱኮም አፈርኩ፤ በማግስቱ ነቅዬው የበሰበሰውን ቆርጬ ላሜራ በየድኩበት።

ታዲያ ሰውየው እውነቱን ከነበረ ለምን መዋሸትህን አልነገርከውም ይሉኝ ይሆናል። ሾፌር እንደነበር አምኛለሁ። ከሃያ ዓመት በኋላ ዛሬ ለማን እንደሚሠራ ግን ፓራፋንጎው አይነግረኝም። እኔ መወሰን አቃተኝ፤ እርስዎ ያውቁታል።

ስለዚህ ቅዳሜ ሲመጣ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደጅ ላይ ትቀበለው። እርስዎ ከእንሰቱ ውስጥ ሆነው ፊቱን ይዩት፣ ሲያወራም ይስሙት። ልብዎ ካመነው ይውጡለት። ካላመነው ሞተው ይቆዩልኝ፤ ብቻ እንዳያስሉ።

ለእናቴ ጉልበቷን ስሜ ይቅርታ እንደጠየቅኋት ይንገሩልኝ፤ ሟርት እንዳይሆን ሰውየው ሳይደርስ እንዳታለቅስ። እህቴን ሙሉዓለምን ይሳሙልኝ፤ ሳቋን መያዝ ስለማትችል ቅዳሜ ገበያ ትዋል። ለአጎቴ ለመድኃኔም ሰላምታ ነበረኝ፤ ግን አፉ አይዘጋምና ደብዳቤ መጻፌንም አይስማ። አንብበው ሲጨርሱ ያቃጥሉት።

ሰውየው ሰኞ ጠዋት ጋራዥ ይመጣል። ውሸታም ብሎ ቢሰድበኝ፣ በዱላም ቢለኝ ደስታዬን አልችለውም፤ ወጥተውለታል ማለት ነው። እጄን ይዞ እግዜር ያጽናህ ካለኝ ግን አላመኑትም ማለት ነውና፣ አብሬው ቁጭ ብዬ አለቅስልዎታለሁ።

ልጅዎ መርሻ
አዲስ አበባ፣ አራዳ
ጥር 17 ቀን 1975 ዓ.ም.