በታምሲን መኪና የሚያድጉ ልጆች

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ዛሬ አምስት መኪና። ጉሙ እስከ ምሳ ሰዓት አልተገለጠም። አንዱ አባት የመንታዎቹን ወንበር ማሰሪያ ጠምዝዞ ጠምዝዞ ገመድ አድርጎታል። "ማን አስተማረህ?" ስለው "ቪዲዮ" አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የልጆች ወንበር መኪና ላይ ስገጥም ኖሬ ቪዲዮ በለጠኝ። ባሌ ክላይቭ ቢሮው ውስጥ ሆኖ ሲስቅ ይሰማኛል...

መጨረሻ ላይ አዲስ ደንበኛ። ታምሲን ፓይክ። ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ቀጭን፣ ድምፅዋ የማይሰማ። ሁለት ልጆች አሏት፦ ፊን አራት ሊሞላው ነው፣ እህቱ ኤዲ ሁለት ሆናታል። ኤዲ ወደ ኋላ ዞራ መቀመጧ ይብቃ፣ ወንበሯ ወደ ፊት ይዙር አለች። ልጆቹን አላመጣችም። ልካቸውን በወረቀት ጽፋ መጣች። ከመቀመጫቸው እስከ ትከሻቸው፣ በሚሊሜትር! እንዲህ የሚለካ ወላጅ አይቼ አላውቅም።

ገጠምኩላት። ወንበሩ ግን በጣም ንጹሕ ነው። የሁለት ዓመት ልጅ የምትቀመጥበት ወንበር እንዴት አንዲት የብስኩት ፍርፋሪ አይኖረውም?

ሐሙስ፣ ኦገስት 14

ታምሲን ተመለሰች። ፊን የወንበሩን የትከሻ ምልክት አልፎታል፤ ቡስተር ይግባለት፣ ማለት ልጁን ከፍ አድርጎ በመኪናው ቀበቶ የሚያሳስር መቀመጫ። ሦስት ዓይነት አወጣሁላት። አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው፤ ጆሮ ጋ ያለውን ስፖንጅ ተጫነችው።

"ልጁን አምጪውና ይቀመጥበት" አልኳት። "ሳላየው እንዴት ልምረጥ?"

"ጓደኛው ቤት ነው።"

"ኤዲስ?"

"ተኝታለች።"

የት? ከማን ጋር? ሰፊውን መረጠች። "እንቅልፍ ሲወስደው ጭንቅላቱ እንዳይወድቅ" አለች።

የፊንን አሮጌ ወንበር ሳወጣ ማሰሪያውን አየሁት። የፋብሪካው እጥፋት እንዳለ ነው። አንድ ቀን እንኳ ልጅ አስሮ አያውቅም።

ለክላይቭ ነገርኩት። "ሌላ መኪና ይኖራታል" አለ። ይሆናል...

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 1

ዓሣና ድንች ጥብስ ልገዛ ባሕር ዳር ወረድኩ። ቀትር ላይ፣ ፀሐይ ወጥታ። የታምሲን መኪና ቆሟል። በአንዱ በኩል የኋላውን በር ከፈተች፣ አጎነበሰች፣ ማሰሪያ ፈታች። ዞራ በሌላው በኩልም እንዲሁ። ከዚያ ሁለት እጇን ዝቅ አድርጋ ይዛ መንገዱ ዳር ቆመች። ግራ አየች፣ ቀኝ አየች፣ ቀስ ብላ ተሻገረች። ትንሽ እግር እንደሚጠብቅ ሰው ቀስ ብላ።

ማንም የለም። መኪናው ውስጥም፣ እጇም ላይ።

ድንቹን ሳልበላው ቀዘቀዘ። ክላይቭ፣ "ሞተውባት ይሆናል" አለኝ። "አፍህን ዝጋ" አልኩት።

የሞተ ልጅ ቁመት ይጨምራል እንዴ?

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 3

ፖሊስ ጋ ልደውል? ምን ብዬ? ባዶ ወንበር በደንብ ታስሯል ብዬ?

ዓርብ፣ ኖቬምበር 21

መጣች። የኤዲ ማሰሪያ በአንድ ቀዳዳ ከፍ ይበልላት አለች፤ አድጋለች። የኋላውን በር ከፈትኩ። በሁለቱ ወንበሮች መሃል፣ ክፍት ቦታው ላይ፣ የዳቦ ፍርፋሪ። አዲስ። የፖም ልጣጭ አለበት።

እጄን ሰበሰብኩ።

"ታምሲን፣ ልጆቹ የት ናቸው?"

"ተኝ..."

"አትዋሺኝ።"

ሜትሬን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ጠቀለለች፣ ፈታች፣ ደግሞ ጠቀለለች። "አባታቸው ጋ። ውጭ አገር። 'ለአንድ ሳምንት እናቴን አሳይቻቸው ልምጣ' ብሎ ወሰዳቸው። ዛሬ ሁለት ዓመቱ ነው።" ፍርድ ቤት ፈርዶላታል፤ የዚያኛው አገር ፍርድ ቤት ግን ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ይሰጣታል። አባትየው ስልክ እንኳ አያገናኛትም።

"ልካቸውንስ ከየት ነው የምታመጪው?"

"ጎረቤቴ ከኤዲ ጋር በአንድ ሳምንት የተወለደች ልጅ አለቻት። ታላቅ ወንድሟ ደግሞ የፊን እኩያ ነው። እነሱን እለካለሁ። እናትየው ታውቃለች። ምንም አትለኝም።"

"ፍርፋሪውስ?"

"ምሳዬን መሃላቸው ገብቼ ነው የምበላው።"

መሃላቸው። እንደዚያ ነው ያለችው።

"'መጥተዋል' ተብሎ በድንገት ነው የሚደወልልኝ" አለች። "በትንንሽ ወንበር ልቀበላቸው አልፈልግም፣ ሮዝ። ሲወርዱም ሲሻገሩም እለማመዳለሁ። እንዳልረሳው።"

ማሰሪያውን አወጣሁ፣ ከፍ አድርጌ መልሼ አስገባሁ። ያላየኋትን ልጅ በገዛ እጄ አሳደግኳት። ሂሳብ አልቀበልም አልኳት።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 12

መብራት ላይ የታምሲን መኪና ከፊቴ ቆመ። በኋላው መስታወት ሁለት ራስ አየሁ። አንዱ ረዘም ያለ፣ አንዱ አጠር ያለ። አረንጓዴ ሲበራ ከኋላዬ ጥሩምባ እስኪነፋብኝ አልተንቀሳቀስኩም።

የወንበሮቹ ጫፍ ነው። እኔው ነኝ የገጠምኳቸው፣ ቁመታቸውን አውቀዋለሁ... ግን አንደኛው ዞረ።

ፀሐዩ ይሆናል።

ቅዳሜ፣ ሜይ 16

ሐሙስ ዕለት ስልኬ ላይ አንድ ቃል መጣ፦ "መጡ።"

ዛሬ ይዛቸው መጣች፤ የዚያኛው አገር ፍርድ ቤት በመጨረሻ ወስኖላታል። መሣሪያዬን ሁለት ጊዜ ስቆጥር ክላይቭ አይቶ፣ "ሃያ ሦስት ዓመት ሠርተሽ ዛሬ ፈራሽ?" አለኝ።

ፊን አምስት ዓመቱ ነው፤ ጆሮው ትልልቅ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ የሚቆም። ኤዲ ሦስት ሆናለች፤ ከጠበቅኳት በጣም ታንሳለች። በሩ ተከፍቶ ወንበሩን አየችና ወደ ኋላ አለች።

"የማን ነው?"

"ያንቺ ነው፣ የኔ ቆንጆ" አለች ታምሲን።

"አይደለም። የትልቅ ልጅ ነው።"

ከትናንት ወዲያ ከአውሮፕላን ማረፊያው እንዴት እንዳመጣቻት አልጠየቅኩም። አንስቼ አስቀመጥኳት። ማሰሪያው ከትከሻዋ በላይ፣ ጆሮዋ ጋ ነው። የጎረቤት ልጅ ደንዳና ኖራለች። ማሰሪያውን በሁለት ቀዳዳ አወረድኩ። ታምሲን እጄን እያየች ከንፈሯ ነጣ። እኔም ስሠራ ከመኪናው ውስጥ ሌላ ልጅ የማወርድ መሰለኝ። አንድ ዓመት ያሳደግናትን።

ፊንም ለቡስተሩ አልደረሰም። ቀበቶው አንገቱ ላይ ያርፋል። ማሰሪያ ያለው ወንበር ከዕቃ ቤት አወጣሁለት።

ታምሲን ቢሮ ገብታ የወንበሩን ደረሰኝ ስትፈርም ፊን ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

"ስትነዳ ትጠይቀናለች" አለኝ። "ከዚያ ምንም ሳንል 'እሺ፣ ጎበዝ' ትላለች።"

"ምን ብላ ነው የምትጠይቃችሁ?"

"ራባችሁ? ትላለች። አፌን ስከፍት 'ቆይ፣ እንደርሳለን' ትለኛለች። ገና ምንም አላልኩም እኮ።" ትንሽ አሰበ። "ለማን ነው የምትመልሰው?"

ሁለት ዓመት ተኩል ባዶውን ወንበር እየጠየቀች፣ በእነሱ ፋንታ ራሷ እየመለሰች...

ልትሄድ ስትል ክንዷን ያዝኳት። "ስትጠይቂያቸው መልሱን ጠብቂ።"

"ምን?"

"አሁን የራሳቸው አፍ አላቸው፣ ታምሲን።"

አየችኝ። ቀስ በቀስ ሲገባት ፊቷ ላይ አየሁት። ልታለቅስ ነው ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም። መሪው ጋ ተቀመጠች፣ መስታወቱን አስተካከለች።

"ፊን፣ ሳንሄድ የምትፈልገው ነገር አለ?"

ወዲያው አፏ ተከፈተ። መልሱ ምላሷ ላይ ደርሷል። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ያዘችው።

ጠበቀች። እኔም ቆሜ ጠበቅኩ፣ ክላይቭም በሩ ላይ። አንድ የጭነት መኪና አለፈ። ዝም። ሌላ አለፈ። ዝም። ፊን መስታወቱ ውስጥ ዓይኗን ያያታል። እሷም አልሸሸችም።

"ሽንቴ መጣ" አለ።