እህቴ ባሕር ዳር ቤት ልትገዛ ነው

ሰኞ

አራተኛ ፎቅ ነው። ገና ሰው ያልገባበት አዲስ ሕንፃ። በረንዳው ላይ ሲቆሙ ከታች አሸዋ፣ ከአሸዋው ቀጥሎ ባሕር። እህቴ ባንቺ ቪዲዮውን የላከችልኝ ጠዋት ወደ ክፍል ልገባ ስል ነው። አንዴ አይቼ ልተወው ብዬ ስድስት ጊዜ አየሁት።

ታናሽ እህቴ ስፔን ውስጥ፣ ሜዲትራኒያን ዳር ካለች የመዝናኛ ከተማ፣ የራሷን ቤት ልትገዛ ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጠችው ባንቺ! እኔ ዲግሪ አለኝ። ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ ጂኦግራፊ ሳስተምር፣ ሜዲትራኒያንን በጠመኔ ስሥል ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው።

ከሰዓት ደወለች። ባንኩ እዚህ ሳለች ከመጀመሪያ ባሏ የተፋታችበትን የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ ማኅተም ያለበት ግልባጭ ጠይቋታል፤ ለጊዜው ፎቶውም ይበቃል። እስከ ዓርብ ካልደረሰ ሻጩ ቤቱን ለሌላ ሰው ይሰጠዋል።

«እታለም፣ ካንቺ በቀር ማን አለኝ?» አለች።

«ምን ችግር አለው» አልኳት። ድምፄ እንኳ ደህና ነበር።

ማክሰኞ

ፍርድ ቤት ሄድኩ። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ «የቆየ ስለሆነ ይፈለጋል፣ ነገ ተመለሺ» አለችኝ።

አብራኝ የምትኖረው እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ለሰፈሩ ሁሉ ነግራ ጨርሳለች። ጎረቤታችን ወይዘሮ ጥሩዬ በር ላይ አቆሙኝ። «እንኳን ደስ ያላችሁ! ባንቺ ባሕር ዳር ቤት ልትገዛ ነው አሉ። በየት በኩል ነው? ከጣናው ወዲህ ነው?»

ባሕር ዳር ከተማ መስሏቸዋል። ላርማቸው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። «እኔም ገና በደንብ አልሰማሁም» ብዬ አለፍኩ። ባሕር ዳር የገዛማ ስንት ሰው አለ። ቤት እስክገባ ድረስ ደስ ሲለኝ ነበር። እኔ የአርባ አራት ዓመት ሴትዮ!

ረቡዕ

ግልባጩን ሰጡኝ። ሦስት ገጽ፣ በየገጹ ክብ ማኅተም። ፎቶ አንስቶ መላክ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ፣ ከተማሪዎች የፈተና ወረቀት መሃል ከተትኩት።

ያልላክሁበትን ምክንያት እዚህ እንኳ ሳልዋሽ ልጻፍ።

እማዬ ምሳ ላይ፣ «ባንቺ ወስጄ ባሕሩ ዳር አኖርሻለሁ ብላኛለች፤ ጨው ያለበት ውኃ ለቁርጥማት ጥሩ ነው አለች» ስላለች። ያንን እግር ጠዋት ማታ የማሸው እኔ ስለሆንኩ። ባለቤቴ ሙሉቀን ቪዲዮውን አይቶ «ወይ ጎበዝ ልጅ!» ስላለ። እኔን ጎበዝ ያለኝ መቼ ነው? የእኛ መስኮት ሲከፈት የሚታየው የጎረቤት ቆርቆሮ ስለሆነ።

ባንቺ ስትደውል «መዝገቡ አልተገኘም» አልኳት። ቃሉ ምንም ሳይከብደኝ ወጣ።

ሐሙስ

ሦስት ጊዜ ደወለች። ሁለቱን አላነሳሁም። በሦስተኛው «ዛሬም የለም፣ እየፈለጉ ነው» አልኳት።

«እባክሽ፣ እግራቸው ላይ ወድቀሽም ቢሆን» አለችኝ።

ሙሉቀን ፊቴን አይቶ «አሞሻል እንዴ?» አለኝ። ራሴን ነው አልኩት። ቦርሳውን የትም ባስቀምጠው ዓይኔ እሱ ላይ ነው።

ዓርብ

ጠዋት ለሥራ ልትወጣ ስትል ደወለች። አላለቀሰችም፤ የባሰብኝም እሱ ነው።

«እታለም፣ ከቀረም ይቅር፣ ከዚህ በላይ አትድከሚ። እዚህ አሥራ ሦስት ዓመት የሆቴል አልጋ ሳነጥፍ አንድ ቀን አሸዋው ላይ ቁጭ ብዬ አላውቅም። ደግሞ በየክፍሉ አንኳኩቼ ነው የምገባው። ሳላንኳኳ የምገባበት ቤት አማረኝ፣ ሌላ ምንም አይደለም።»

ትምህርት ቤት እንደደረስኩ መምህራን ማረፊያ ገብቼ ወረቀቱን መስኮቱ ላይ ዘረጋሁት። ሁለተኛው ገጽ ደበዘዘ፤ እንደገና አነሳሁት። «አሁን ተገኘ» ብዬ ላክሁ።

«እልልል! እታለሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ!» ብላ መለሰች። ፊቴን ታጥቤ ክፍል ገባሁ።

ቅዳሜ

ባንቺ እማዬ ስልክ ላይ ደወለች፤ ባንኩ ትናንት ተቀብሏታል። ፈርማለች። እማዬ እልልታዋን አቀለጠችው። ትንሽ ቆይቶ ባንቺ «እታለምን አገናኚኝ» አለች።

ወረቀቱን ከአስተርጓሚዋ ጋር ሲያነቡት ማኅተሙ ሥር ያለውን ቀን አይታለች። «የረቡዕ ቀን ነው እኮ» አለችኝ።

ስልኩን ይዤ ከእማዬ ራቅ አልኩ።

«እታለም?»

«ቀንቼ ነው» አልኳት። የተሻለ ቃል ፈልጌ ነበር፣ አልመጣልኝም። ስልኩን ዘጋችው።

እሑድ

ቀኑን ሙሉ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ስደነግጥ ዋልኩ። ወደ አሥር ሰዓት ላይ እማዬ ስልኳን ዘረጋችልኝ። «እህትሽ ናት፣ አንቺን ነው የምትለው።» ይዤው ወደ ጓሮ ወጣሁ።

«ለእማዬ አልነገርኳትም። አልነግራትምም» አለች ባንቺ። «ግን ተናድጃለሁ። ጥቂት ቀን አትደውዪልኝ። ሐምሌ ላይ ትምህርት ሲዘጋ እማዬን ይዘሻት ትመጫለሽ፤ ብቻዋን አውሮፕላን አትሳፈርም።»

«አድርሻት ልመለስ?» አልኳት።

ከጀርባዋ ድምፅ ይሰማል፤ ንፋስ ይሁን ውኃ አላወቅሁም።

«ቤቱ ሁለት መኝታ ቤት አለው» አለችኝ፤ ዘጋች።

ቅናቱ አልወጣልኝም። ይህን እየጻፍኩ እንኳ በረንዳው ይታየኛል። ፓስፖርት የለኝም። ነገ ከሥራ ስወጣ፣ ለማውጣት ምን ምን እንደሚጠይቁ ሄጄ እሰማለሁ።