ሰሌዳውን በጆሮዋ ላነበበችው ልጄ ስለተሰጣት የጤናማ ዓይን ማረጋገጫ

ለተከበሩ የተማሪዎች የድጋፍ መሣሪያ ፍላጎት ምዘና ክፍል ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የማይነቃነቅ፣ በተለይም ዓይንዎ ብሩህ ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። ዓይኑ የደከመ ሰው በእርስዎ ክፍል በኩል ማለፍ ግድ ስለሚሆንበት፣ ይህን ዕጣ ለጠላቴም አልመኝም።

ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የማየት አቅሟ እጅግ ደካማ ነው፤ መጽሐፍ የምታነበው ገጹን አፍንጫዋ ሥር አስጠግታ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀመች ነው። የመልቀቂያ ፈተናዋ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ትምህርት ቤቷ ወደ እርስዎ ሲልካት የጠየቅነው ጽሑፍ የሚያጎላ መሣሪያና በትልልቅ ፊደል የታተመ የፈተና ወረቀት ብቻ ነበር። ስላገኘነው ነገር ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ ቅልጥፍናዎ። ስምንት ተማሪዎችን በአንድ ክፍል፣ በአንድ ግድግዳ ፊት አሰልፈው «የእያንዳንዱን ፍላጎት በተናጠል» በግማሽ ሰዓት መዝነው ጨርሰዋል። እኔ የመሬት ቀያሽ ነኝ፤ አንዲት ጠባብ ቦታ ለመለካት ሦስት ጊዜ የምመላለስ ቀርፋፋ በመሆኔ አፍሬአለሁ።

2. ስለ ዘዴዎ። ልጄ የሰልፉ መጨረሻ ነበረች። ከፊቷ የነበሩት ሰባት ተማሪዎች ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ያንኑ የፊደል ሰሌዳ ጮክ ብለው ሲያነቡ ሰባት ጊዜ ሰማች። አስተማሪ የሚጽፈውን ማየት ስለማትችል ዕድሜዋን ሙሉ የተማረችው በጆሮዋ ነው፤ አንዴ የሰማችውን አትረሳም። ምዘናው ለምን እንደሆነ የነገራት ስላልነበረ ፈተና መሰላት፤ መውደቅ ደግሞ አትወድም። ተራዋ ሲደርስ ከላይ እስከ ታች ወረደችው። ከእሷ በፊት የነበረችው ተማሪ አምስተኛው መስመር ላይ ተሳስታ ያረመችውን ሳይቀር ተሳስታ አረመችው። ወላጅ አይገባም ስለተባልኩ በበሩ መስታወት እያየሁ ነበር፤ ክቡርነትዎ ፊደሉን የሚጠቁሙበት ዘንግ ሦስተኛው መስመር ላይ ሳለ እሷ ስድስተኛውን ጨርሳለች። ባንኳኳ «ምዘና ላይ ነን» ተባልኩ። ሌላ ሰው ይጠረጥር ነበር። እርስዎ ግን «የማየት ችሎታዋ ከመደበኛው በላይ ፈጣን ነው፤ መሣሪያ አያስፈልጋትም» ብለው ጽፈው ማኅተም መቱበት። ልጄ እየሳቀች ወጥታ «አባዬ፣ አንድም አልሳትኩም!» አለችኝ። ያቺ ደስታ ወረቀቱን እስካነብላት ድረስ ቆይታለች፤ ስለ እሷም አመሰግናለሁ።

3. ስለ አቤቱታ ቅጹ። ፊደሉ ጉንዳን የሚያክለውን ይህን ቅጽ ተማሪዋ ራሷ አንብባ በእጅ ጽሑፏ መሙላት አለባት። ጸሐፊዎ «ጋሼ፣ እኔ ምን ላድርግ? ማንበብ ካልቻለች ቅጹን አትሞላም፤ ከቻለች ደግሞ ምን አስለፋችሁ?» አለችኝ። በቢሮዎ ደንቡን የተረዳ ሌላ ሰው ስላላገኘሁ እድገት ይስጧት።

4. ይህ ያለ ቁጥር ቢቀር ይሻል ነበር። ሰዓት ጠጋኙ ወንድሜ የሚሠራበትን ማጉያ አውልቆ «እንኪ የኔ ቆንጆ፣ የሰው ሰዓት ለጥቂት ቀን ቢቆም ማንም አይሞትም» ብሎ ሰጣት። የፈተና ኃላፊው ግን ከለከለ። ዓይኗ ከመደበኛው በላይ እንደሚያይ በማኅተምዎ ስለተረጋገጠ፣ ማጉያ ይዛ ከገባች በኩረጃ ይቆጠርባታል፤ ወረቀቷም ይሰረዛል። ወደ እርስዎ ስትመጣ መሣሪያ አልነበራትም። ከእርስዎ ስትመለስ መሣሪያ እንዳይኖራት የሚከለክል ሰነድ አላት። አሥራ ሁለት ዓመት የለፋችበትን ትምህርት በግማሽ ሰዓት ማስቀረት ቀላል ሥራ አይደለም።

ሙያዎን ላስተምርዎ አልደፍርም፤ ልለምንዎ ግን እችላለሁ። ማንም ጮክ ብሎ ያላነበበላትን አንድ ገጽ ፊቷ ያስቀምጡላት። ዘንግዎን ያስቀምጡና አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይዩዋት። ከዚያ ማጉያዎቹን አንድ በአንድ እያስሞከሩ የቱ እንደሚሻላት እሷን ይጠይቋት። ፈተናው ሳይደርስ ያንን ወረቀት ይሻሩልኝ።

በፍጥነትዎ የተደመመ፣ በማኅተምዎ የታሰረ፣ ትሕትናው ግን ገና ጨርሶ ያላለቀ፣
የተማሪዋ አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን እንዲታተም ለጋዜጣ ከመስጠቴ በፊት ለልጄ አነበብኩላት። «አባዬ፣ እንዲህ አትናገረው፤ ገና ወጣት ልጅ እኮ ነው፣ ሥራውን እየለመደ ይሆናል» ብላ ተቆጣችኝ። ክቡር ሆይ፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ፊት ለፊቷ ቆመው አነጋግረዋታል፤ ራስዎ ላይ ካለው ሽበት አንዱንም አላየችም።