እስከ ስልሳ መቁጠር

አቦቦ፣ ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

እንዴት ከርመሻል? እናትሽስ፣ ያ የጉልበታቸው ነገር ተሻላቸው? የላብራቶሪያችን ጣሪያ ዛሬም ያፈሳል ወይስ አዝነውልሽ ጠገኑት? የእኔን ጤና ከጠየቅሽ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሰው ሲጠራኝም አቤት እላለሁ። ከዚህ አልፌ ደህና ነኝ ብልሽ አታምኚኝም።

የአባዬን አርባ ባለፈው ማክሰኞ አወጣን። የማጽናኛ ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ ለቅሶ ባለመድረስሽም አትጨነቂ፣ የመንገዱን ነገር አውቀዋለሁ። መጨረሻው ላይ ግን አንድ ነገር ጠየቅሽኝ። በሚቀጥለው ወር የተጨበጠ እጅ የሚዘረጋውን መሣሪያችንን በአራት ሕመምተኞች እጅ ላይ ልታስሪ ነው፤ ከዚያ በፊት የአባዬ እጅ ሲዘረጋ የቀረጽኩትን ቪዲዮ ለሰዎቹ ላሳያቸው፣ ለጋሽ እንየውም መታሰቢያ ይሁነው አልሽኝ። በቅን ልብ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያመመኝም ለዚሁ ነው። ስኳሩ ነው የገደለው ብዬሽ ነበር። ሙሉውን አልነገርኩሽም።

የካቲት ላይ ስመጣ አባዬ ስትሮክ ከመታው አራተኛ ወሩ ነበር። ምላሱ ተመልሶለታል፣ ቀኝ እጁ ግን እንደተጨበጠ ቀርቷል። ሰው ሲመጣ ነጠላው ውስጥ ይደብቀዋል፤ በግራ መጨበጥ ነውር ነው ብሎ ደጅ መውጣቱን ሁሉ ትቶ ነበር። የመሞከሪያ ፈቃዱ ገና እንዳልወጣ እኔም አንቺም እናውቅ ነበር፤ አንቺው የመሣሪያውን ናሙና በፎጣ ጠቅልለሽ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሽው፣ እኔም አልመለስኩትም። በዚህ ማናችንም በማናችን ላይ ጣት አንቀስርም።

ምን እንደሆነ ሳስረዳው ብታዪን ትስቂ ነበር። ይኼ ፕላስቲክ መጀመሪያ የተሠራበትን ቅርጽ አይረሳም አልኩት። ቢያጥፉት ታጥፎ ይቀመጣል፤ ውስጡ በዓይን የማይታይ የካርቦን ክር ስላለው ግን ከባትሪ ኤሌክትሪክ ሲገባበት ይሞቃል፣ ሲሞቅም ወደ ድሮው ቅርጹ ይመለሳል፣ ጣቶችህንም ይዞ ይዘረጋል አልኩት። ጥቂት አሰበና፣ በሰባ ሰባት ከወሎ አምጥተው እዚህ ሲያጥፉኝ ባትሪ የሚሰጠኝ ጠፍቶ ነው እንጂ እኔም እመለስ ነበር አለ። በራሱ ቀልድ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ጎረቤታችን አኳይ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር፤ ቀልዱ ባይገባውም አብሮት ሳቀ።

አኳይ አኙዋክ ነው፤ የእርሻቸው ድንበር አንድ ስለሆነ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲጨቃጨቁም ሲረዳዱም ኖረዋል። አባዬ ከታመመ ወዲህ አንድ ቀን አልቀረበትም። መሣሪያውን ሳስር አባዬ ጮክ ብሎ እስከ ስልሳ ይቆጥራል፣ አኳይ ደግሞ ሊያስተው በአኙዋክኛ ይቆጥርበታል። እኔ ባትሪውን እይዛለሁ። ስልሳ ሲል እነቅላለሁ፤ አዲስ አበባ የጻፍነው መመሪያ እንደዚያ ነው የሚለው።

በመጀመሪያው ቀን አርባ ላይ ጣቶቹ ተዘረጉ። እልል አልኩ። አዲስ አበባ ስልሳ የፈጀው እዚህ ለምን አርባ ላይ ሆነ ብዬ አልጠየቅሁም። አውራ ጣቱ በደንብ ይከፈት ብዬ ስልሳውን አስጨረስኩት፣ በማግስቱም፣ ከዚያም ወዲያ በየቀኑ። አንቺ ይኼኔ ገብቶሻል። የእኛ ላብራቶሪ ሃያ ዲግሪ ነው። እዚህ የካቲትና መጋቢት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ቆርቆሮው ሥር ከአርባ ያልፋል። ፕላስቲኩ ከመነሻው ሞቆ ይጠብቀኝ ነበር፤ የቀረችው ሃያ ቁጥር የምታበስለው የአባዬን መዳፍ ነው። ይህን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ብትጠይቂው ይነግርሻል። እኔ ስንት ዓመት የተማርኩት ሴትዮ አላሰብኩትም።

እጁ አይሰማውም ብዬ ነበር። በመርፌ ነካ አድርጌ ስጠይቀው አይሰማኝም ብሎኛል። ቁስሉን ያየሁት በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ እስከዚያ ላብ ነው እያለ በነጠላው ይጠቀልለው ነበር። ስኳር ያለበት ሰው ቁስል እንዴት እንደሚሆን ታውቂያለሽ። ጋምቤላ ሆስፒታል ስናደርሰው ሽታው ይሰማ ነበር። ሐኪሙ ምን አቃጠለዎት ሲለው፣ አባዬ ወደ እኔ ሳያይ የከሰል ምድጃ ላይ ወድቄ ነው አለ። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ እንደዚያ ነው ወይ አለኝ። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ። በስምንተኛው ቀን ደሙ ተመርዞ አረፈ።

ድንኳን ውስጥ ምን ሲሉኝ እንደሰነበቱ ልንገርሽ? የአባቷን እጅ የዘረጋች ልጅ። ከመቲ ድረስ የመጡ ዘመዶች እጄን ይስሙኝ ነበር። እኔም አስማቸው ነበር፤ ምን አባቴ ልበል?

ማክሰኞ ሰው ሁሉ ሲበተን አኳይ ብቻውን ቀረ። እንየው ይሰማው ነበር አለኝ፣ በዚያች ቆጠብ ባለች አማርኛው። አንቺ ባትሪ ስትይዢ እሱ በግራ እጁ የኔን ጉልበት ይይዛል፤ አርባ ካለፈ በጣም ይጨምቃል አለኝ። ለምን አትነግራትም ብሎ ተቆጥቶትም ነበር። አባዬ ግን፣ ተዋት፣ እናቷ ከሞተች ጀምሮ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም ብሎታል። አኳይ ይህን ነግሮኝ ተነሣና አቀፈኝ፤ አንቺ አላወቅሽም፣ አለኝ። አላወቅሁም አልኩት።

እባክሽ መሣሪያውን ለአራቱም ሰዎች እንዳታስሪላቸው። ፈቃዱን ለሚሰጠው ኮሚቴ ሁሉንም ንገሪ፣ ስሜንም አትዝለዪ፤ ናሙናውን ማን እንደሰጠኝ ከጠየቁሽ ግን እኔ ወሰድኩት በያቸው። ሥራው ይቁም አልልም፣ አባዬም እንዲቆም አይፈልግም ነበር። ግን ከስንት ዲግሪ እንደሚነሣ ሳትለኪ፣ ሲያልፍ ራሱ የሚያጠፋ ነገር ሳትገጥሚለት፣ የሰው ሥጋ አታስነኪው። ያመዎታል ወይ ብለሽ ጠይቀሽ በመልሱም አትርኪ፤ ሰው ለሚወደው ሰው ሲል ብዙ ይዋሻል።

ቪዲዮውን ፈቅጄልሻለሁ። በቴሌግራም የላክሁልሽ አሥራ ሁለት ሴኮንድ ነበር፣ ድምፅም አልነበረውም፤ ኔቱ አልችል ብሎ ነው ብዬሽ ነበር። አሁን ሙሉውን በሚሞሪ ካርድ አድርጌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ፤ የምታደርስልሽ ሐናን ናት፣ የጤና ጣቢያችን ነርስ፣ ለሥልጠና አዲስ አበባ እየመጣች ነው። ቡና ጠጪ ካልሻት እሺ ትላለች፣ አትግደረደርም።

እናትሽን ያቆይልሽ። እጅሽን ይባርከው፣ ከእንደኔ ያለ ችኮላም ይጠብቅሽ። ደብዳቤዬን አንብበሽ ብትቆጪ አልቀየምሽም፤ ዝም ብትዪኝም ይገባኛል፤ ብቻ አንድ ቀን ሻማ ስታበሪ እንየው ብለሽ ስሙን ጥሪልኝ።

ቪዲዮውን ስትከፍቺ ድምፁን ከፍ አድርጊው። አርባ አንድ ላይ የአባዬ ቁጥር ይቆማል። ከዚያ ወዲያ እስከ ስልሳ የሚቆጥረው ድምፅ የእኔ ነው።

ጓደኛሽ፣
የእንየው ልጅ